አውግስጢኖስ ዘሂፖ

አውግስጢኖስ (እ.ኤ.አ. 354–430) በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ከተማ ጳጳስ፣ የሃይማኖት መምህርና ጸሐፊ ነበር። ጥምቀት የአጥማቂው ሳይሆን የክርስቶስ ነው የሚለው ትምህርቱ በምዕራቡ ክርስትና ስለ ጥምቀት የሚታመነውን በእጅጉ ቀርጿል። እርሱ ራሱ የተጠመቀው ግን በ32 ዓመቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የዘገየው ጥምቀት

አውግስጢኖስ ኖቬምበር 13 ቀን 354 ታጋስቴ በተባለች የሮማ ግዛት ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አህራስ ትባላለች። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች፤ አባቱ ፓትሪኪዮስ ግን የተጠመቀው በዕድሜው መጨረሻ ነው። ሕፃኑ በመስቀል ምልክት ታትሞና ጨው ቀምሶ ከንኡሰ ክርስቲያን ተቆጠረ እንጂ ክርስትና አልተነሣም። በልጅነቱ ታሞ ለሞት ሲቃረብ እናቱ ልታስጠምቀው ተሰናዳች፤ ሲሻለው ግን ጥምቀቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

በዘመኑ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ጥምቀት ያለፈውን ኃጢአት ሁሉ ያጥባል፣ አይደገምምም፤ ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ይበልጥ ይከብዳል ብለው ይፈሩ ነበር። አውግስጢኖስ ኋላ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ይህን ልማድ ነቅፎታል።

የጓደኛው ጥምቀት

በካርቴጅ የንግግር ጥበብ ሲማር የማኒን ትምህርት ተቀበለ። የማኒ ተከታዮች የውኃ ጥምቀት ለመዳን ይጠቅማል ብለው አያምኑም ነበር። ወደ ታጋስቴ ተመልሶ ሲያስተምር አንድ የቅርብ ጓደኛው በትኩሳት ራሱን ስቶ ሳለ ተጠመቀ። ጓደኛው ሲነቃ አብሮት የሚስቅ መስሎት በጥምቀቱ ቀለደ፤ ወጣቱ ግን ተቆጥቶ ገሠጸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ አገርሽቶበት ሞተ። አውግስጢኖስ ሐዘኑ ስለጸናበት ከተማዋን ትቶ ወደ ካርቴጅ ሄደ።

ጥምቀት በሚላኖ

በ384 በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። በዚያም የከተማውን ጳጳስ የአምብሮስዮስን ስብከት ይከታተል ጀመር። በ386 ለመጠመቅ ቆርጦ የማስተማር ሥራውን ተወ። ከኤፕሪል 24 ወደ 25 ቀን 387 በሚያነጋው የትንሣኤ ሌሊት አምብሮስዮስ አጠመቀው። ልጁ አዴዎዳቱስና ጓደኛው አሊፒዮስ አብረውት ተጠመቁ።

በሚላኖ ሥርዓት ተጠማቂዎች ሰይጣንን ይክዱ፣ ወደ ገንዳው ወርደው ሦስት ጊዜ ስለ እምነታቸው ይጠየቁና ሦስት ጊዜ በውኃ ይጠልቁ ነበር። ሲወጡ እግራቸው ይታጠባል፤ ነጭ ልብስም ይለብሳሉ። ስምንት ማዕዘን የነበረው የጥምቀት ቤት ፍርስራሽ ዛሬም ከሚላኖ ካቴድራል ሥር ይታያል። ሞኒካ የልጇን ጥምቀት አይታ በዚያው ዓመት ወደ አፍሪካ ለመመለስ በጉዞ ላይ ሳለች በኦስቲያ አረፈች።

ከዶናቲስቶች ጋር የተደረገ ክርክር

አውግስጢኖስ በ391 ቅስና ተቀበለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሂፖ ጳጳስ ሆነ። የሰሜን አፍሪካ ክርስቲያኖች በዚያን ጊዜ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ዶናቲስቶች የሚባሉት ወገኖች በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች ያስረከቡ ካህናትና ከእነርሱ ጋር የተባበሩ ሁሉ የሚሰጡት ጥምቀት ከንቱ ነው ይሉ ነበር። ከሌላው ወገን የሚመጣውንም ዳግመኛ ያጠምቁ ነበር።

የጥምቀት ዋጋ በካህኑ ንጽሕና የሚለካ ከሆነ ማንም ምእመን በእርግጥ መጠመቁን ሊያውቅ አይችልም። አውግስጢኖስ ለዚህ የሰጠው መልስ በካህኑ እጅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ራሱ ነው የሚል ነው። ወታደር ቢከዳም በአካሉ ላይ ያለው የሠራዊቱ ምልክት እንደማይጠፋ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ሰውም ሲመለስ እንደገና አይጠመቅም። ነገር ግን ፍቅርና አንድነት ከሌለ ጥምቀቱ አይጠቅመውም ብሎ አስተማረ።

በ411 ከ500 የሚበልጡ የሁለቱ ወገን ጳጳሳት በካርቴጅ ተከራከሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዳኛ በዶናቲስቶች ላይ ፈረደ። አስቀድሞ ሰውን በማሳመን ብቻ ይታመን የነበረው አውግስጢኖስ ኋላ መንግሥት ዶናቲስቶችን እንዲያስገድድ ደገፈ። ይህ አቋሙ እስከ ዛሬ ያስነቅፈዋል።

የሕፃናት ጥምቀት

ከፔላግዮስና ከተከታዮቹ ጋር ሲከራከር ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ማጥመቋ የአዳም ኃጢአት ለዘሩ ሁሉ መተላለፉን ያሳያል አለ። ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናትም ቀላል ቢሆን እንኳ ፍርድ ያገኛቸዋል ብሎ አስተማረ። ይህ ትምህርት በምዕራቡ ዓለም ለዘመናት ሲያከራክር ኖሯል፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሕፃናትን ቢያጠምቁም የአዳም በደል ይወረሳል የሚለውን አስተሳሰቡን አልተቀበሉም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ቫንዳሎች ሰሜን አፍሪካን ሲወርሩ ካህናት ሊሸሹ ይገባቸው እንደሆነ አንድ ጳጳስ ጠየቀው። አውግስጢኖስም በአደጋ ጊዜ ሕዝቡ ጥምቀት ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሮጥ አገልጋይ ያጣ ሕዝብ እንዳይኖር አሳሰበ። እርሱም ከሂፖ አልወጣም። ከተማዋ ተከብባ ሳለ ኦገስት 28 ቀን 430 በ75 ዓመቱ አረፈ።