ሶይቺሮ ሆንዳ

ሶይቺሮ ሆንዳ (ኅዳር 8 ቀን 1899 ዓ.ም. – ሐምሌ 29 ቀን 1983 ዓ.ም.) ጃፓናዊ መካኒክ፣ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ፣ ፈልሳፊና የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ነበር። ዓለም የሚያውቀው በሞተር ሳይክልና በመኪና አምራችነቱ ቢሆንም ሙያውን የተማረው በጋራዥ ውስጥ የተበላሸ መኪና እየጠገነ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የጋራዥ ሕይወት

ሆንዳ በ1906 በሺዙኦካ አውራጃ፣ ዛሬ በሐማማትሱ ከተማ ሥር በምትገኝ ኮምዮ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ጊሄይ ቀጥቃጭ ሲሆን በኋላ የብስክሌት ጥገና ሥራ ጀመረ። እናቱ ሚካ ሸማ ሠሪ ነበረች። በመንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ሲያይ ከኋላው ሮጦ እንደተከተለና የዘይቱ ሽታ ዕድሜውን ሙሉ ከአእምሮው እንዳልጠፋ ይነገራል።

በ1922 በቶኪዮ አርት ሾካይ በተባለ ጋራዥ በተለማማጅነት ተቀጠረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን መፍቻ ሳይሆን የባለቤቱን ሕፃን ልጅ ነበር የሚይዘው። በመስከረም 1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከተማዋን ሲያወድም ጋራዡም ተቃጠለ። በእሳቱ የተጎዱ በርካታ መኪናዎችን መልሶ ማስነሳት ግድ ስለሆነ ወጣቱ በአጭር ጊዜ ብዙ ዓይነት ብልሽት ለማየትና ለመጠገን በቃ።

የጋራዡ ባለቤት ዩዞ ሳካኪባራ የእሽቅድምድም መኪናም ይሠራ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የአሜሪካ ኩርቲስ የአውሮፕላን ሞተር የተገጠመለት ነው። መኪናው በኅዳር 1924 በተደረገ ውድድር ሲያሸንፍ ሆንዳ በ18 ዓመቱ በረዳት መካኒክነት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን የረዳቱ ሥራ በጉዞ ላይ ሞተሩን እያዳመጠ ችግሩን ቀድሞ መለየት ነበር።

በ1928 ወደ ሐማማትሱ ተመልሶ የጋራዡን ቅርንጫፍ ከፈተ። በሰኔ 1936 በታማጋዋ የውድድር ሜዳ ራሱ በሠራው መኪና ሲሽቀዳደም ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። እሱም ረዳቱ የነበረው ወንድሙ ቤንጂሮም ተጎዱ፤ የወንድሙ ጉዳት ከባድ ነበር።

የፒስተን ቀለበት

ሆንዳ በዚሁ ጊዜ አካባቢ ከጥገና ወደ ማምረት ለመሸጋገር የፒስተን ቀለበት፣ በጋራዥ ቋንቋ ፋሻ የሚባለውን፣ መሥራት ጀመረ። ፋሻ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ነው። ሲያረጅ ወይም ሲሰበር ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይበላል፣ በጭስ ማውጫውም ሰማያዊ ጭስ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ምርቶቹ ግን ከሸፉ። ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ፋሻዎች ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። እጁ የለመደው ጥበብ ምክንያቱን ሊነግረው ስላልቻለ በሐማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወደሚገኙ መምህራን ሄደ። በምርመራው ብረቱ በቂ ሲሊከን እንደሌለው ታወቀ። ሆንዳም በትምህርት ቤቱ ክፍል ገብቶ ስለ ብረታ ብረት ተማረ፤ ፈተና ለመውሰድ ፈቃደኛ ስላልነበረ ግን ያለ ዲፕሎማ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካውን ለቶዮታ ሸጠ።

ኩባንያው

በ1946 ከጦር ሠራዊት ሬዲዮ ጀነሬተሮች የተረፉ ትናንሽ ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ። ባለቤቱ ሳቺ ብስክሌቱን ስትሞክር ከካርቡራተሩ ወደ ኋላ የሚረጨው ነዳጅ ልብሷን አበላሸው። ይህም ጉድለቱ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንዲታረም አደረገ። የሆንዳ ኩባንያ በመስከረም 1948 ተመሠረተ። በቀጣዩ ዓመት ታኬኦ ፉጂሳዋ ተቀላቅሎ የገንዘብና የሽያጭ ሥራውን ያዘ።

የስፖርት መኪናዎች

የኩባንያው የመጀመሪያ የስፖርት መኪና ኤስ 500 በጥቅምት 1963 ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ 531 ሲሲ ብቻ ቢሆንም አራት ሲሊንደርና አራት ካርቡራተር ነበረው፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠውም በደቂቃ 8,000 ዙር ሲደርስ ነው። የኋላ ጎማዎቹ እንደ ሞተር ሳይክል በካቴና ይዞሩ ነበር። ለመካኒክ ይህ አሠራር የራሱ ጣጣ አለው። አራቱ ካርቡራተሮች እኩል ካልተስተካከሉ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ካቴናው ሲላላ ደግሞ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ከኋላ የመምታት ድምፅ ይሰማል። በኋላ በወጣው ኤስ 800 ላይ ካቴናው ቀርቶ በተለመደው የኋላ አክስል ተተካ።

በ1964 ሆንዳ ወደ ፎርሙላ 1 ገባ። በጥቅምት 1965 በሜክሲኮ ሲቲ ሪቺ ጊንተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር እየመራ ለኩባንያው የመጀመሪያውን ድል አስገኘ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣዋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ የካርቡራተር መኪና የነዳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የሆንዳ ቡድን የነዳጁን መጠን ከከፍታው ጋር ማጣጣሙ ለድሉ ረድቶታል።

የአየር ማቀዝቀዣው ክርክር

ሆንዳ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር መቀዝቀዝ አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ራዲያተርና የውሃ ቱቦ ከሌለ የሚያፈስም የሚፈነዳም ነገር አይኖርም የሚል ነበር ሐሳቡ። በሐምሌ 1968 ግን በአየር የሚቀዘቅዘው አርኤ 302 የውድድር መኪና በፈረንሳይ ሩዋን ተገልብጦ ሲቃጠል ሹፌሩ ጆ ሽሌሰር ሞተ። ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ ከፎርሙላ 1 ወጣ።

ወጣት መሐንዲሶቹ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱን በእኩል መቆጣጠር ስለሚያስቸግር አዲሱን የጭስ ብክለት ሕግ ሊያሟላ እንደማይችል ተከራከሩ። ሆንዳ ለረጅም ጊዜ እምቢ አለ። በመጨረሻ ፉጂሳዋ እንደ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ወይስ እንደ መሐንዲስ መቆየት እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ፕሬዚዳንትነቱን መርጦ ለመሐንዲሶቹ መንገዱን ለቀቀ። በዚህም በ1972 ይፋ የሆነው ሲቪሲሲ ሞተር የአሜሪካን ጥብቅ የጭስ ሕግ ያለ ተጨማሪ ማጣሪያ አሟላ።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1973 በ66 ዓመቱ ሥራውን ለወጣቶች አስረክቦ ጡረታ ወጣ። ከዚያም አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በጃፓን ወደ 700 የሚጠጉ የሆንዳ ፋብሪካዎችና መሸጫዎች እየዞረ ሠራተኞቹን አመሰገነ። በአንዱ ቦታ እጁ በዘይት የቆሸሸ መካኒክ አፍሮ ሊታጠብ ሲል ሆንዳ ከልክሎ በዚያው እጁ ጨበጠው።

ሆንዳ በ1991 በ84 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ አረፈ። ብዙ ሰው በመኪና ሲመጣ መንገድ እንዳይዘጋ በማሰብ ኩባንያው ታላቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዳያዘጋጅለት ተናዞ ነበር።