ከጋጣ የተነሣች ፈረሰኛ፦ ቤሪል ማርክሃምና የሀገራችን ባዝራ

በናይሮቢ የምንኖር ቤተሰቦች በንጎንግ መንገድ ስናልፍ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳውን እናያለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችንን ይዘን የምንገባም አለን። ልጆቹ ፈረስ ያያሉ፣ እኛ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ወግ እንጠርቃለን። ከዚያው ሜዳ ግቢ በአንዲት አነስተኛ ቤት የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈች ሴት ነበረች፤ ስሟ ቤሪል ማርክሃም ይባላል። በ1986 በ83 ዓመቷ አርፋለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት የአንዲት እንግሊዛዊት ታሪክ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቤሪል እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን ወላጆቿ ባልተወለዱበት ሀገር ያደገች ናት። ሁለተኛው ምክንያት ባለ አራት እግር ስለሆነ በቦታው እንመጣበታለን። ደግሞም ከልጆቻችን መካከል ፈረስ መጋለብ የሚማሩ እየበዙ ነው። ወላጅ ሲባል ደግሞ ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ፎቶ እንዲነሣ ይፈልጋል። የቤሪል ትምህርት የተጀመረው ግን ከኮርቻው በታች ነው።

ቤሪል በ1902 በእንግሊዝ ሀገር አሽዌል በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ ቻርልስ ክላተርባክ ፈረስ አሠልጣኝ ነበሩ። ቤሪል ገና ሦስትና አራት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደዚህ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ። አባትየው መጀመሪያ የተቀጠሩት ከናኩሩ በስተ ምዕራብ ንጆሮ በሚገኘው የሎርድ ዴላሚር የከብት እርባታ ነበር። ዴላሚር በ1890ዎቹ መጨረሻ ከበርበራ ተነሥቶ የሀገራችንን ደቡብ በግመል አቋርጦ ኬንያ የደረሰ ሰው ነው፤ ዛሬም በናይቫሻ መንገድ ላይ ወተትና እርጎ ስንገዛ ስሙን እናነባለን። ክላተርባክ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያው አካባቢ የራሳቸውን እርሻ አቀኑ። እንጨት መሰንጠቂያና የዱቄት ወፍጮ ተከሉ፤ የፈረስ ጋጣም ሠሩ። ያ ደጋ ከእነርሱ በፊት ሰው የሚኖርበትና ከብት የሚሰማራበት አገር እንደነበረ ሳንናገር ማለፍ አንወድም።

እናቷ ኑሮው አልተመቻቸውም፤ ታላቅ ወንድሟን ይዘው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ትንሿ ልጅ ከአባቷ ጋር ቀረች። አባት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ልጅቱን ያሳደጓት በአብዛኛው የእርሻው ሠራተኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስዋሂሊንና የአካባቢውን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ ተናገረች። አራፕ ማይና የሚባል ጎልማሳ ጦር አያያዝና የአውሬ ዱካ አስተማራት፤ ልጁ ኪቢ የጨዋታ ጓደኛዋ ነበር። በጎረቤት እርሻ ለማዳ ነው የተባለ አንበሳ ነክሷት ከሞት የተረፈችውም በዚያው ዕድሜዋ ነው። አራፕ ማይና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም።

ወደ ጋጣው እንግባ። እንዲህ ባለ እርሻ የሚያድግ ልጅ ፈረስን የሚያውቀው መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ በእጁ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ድርቆሽ ይሰጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ፍግ ይዛቃል። ከዚያ የአቀራረብ ትምህርት ይመጣል። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከጭራው በስተኋላ ትክክል ያለውን፣ ከግንባሩ ሥርም በጣም የተጠጋውን አያይም። ስለዚህ በትከሻው አቅጣጫ፣ እያናገሩት ይቀርቡታል፤ እጅ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። በኋላው ማለፍ ግድ ከሆነ ወይ ርቆ ነው፣ ወይ እጅን ዳሌው ላይ አድርጎ ተጠግቶ ነው። መካከለኛው ርቀት የእርግጫ ቦታ ነው።

ቡረሻውም ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ኮርቻ በሚያርፍበት ጀርባ ላይ አንዲት የደረቀች ጭቃ ከቀረች ማታ ቁስል ሆና ትገኛለች። ኮቴው አንድ በአንድ እየተነሣ ከተረከዝ ወደ ፊት ይጠረጋል፤ የተሰነቀረ ጠጠር ፈረስን ያነክሳል። የእግሩ ጅማት በመዳፍ ይዳሰሳል፦ ትናንት ቀዝቃዛ የነበረው ዛሬ ሞቆ ከተገኘ ፈረሱ አርፎ ይውላል። ይህችን የመዳፍ ትምህርት አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ኮርቻ ላይ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከግራ በኩል፣ ዛቡን በግራ እጅ ይዞ፣ ጀርባው ላይ ዘፍ ሳይሉ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ልጓሙ የሚያርፈው ጥርስ በሌለበት ድድ ላይ ስለሆነ የጋላቢ እጅ ከከበደ ፈረስ አፉ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱትም አይሰማ። ሂድ የሚለው እግር ነው፤ እጅ የሚናገረው ትንሽ ነው። ከብት ለመጠበቅና አጥር ለመዞር የሚያገለግል የእርሻ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ስለሚውል ጋላቢው ዛቡን ላላ አድርጎ ይይዛል። በእርምጃ ይሄዳል፣ ሲያስፈልግ ሶምሶማ፤ ግልቢያን ለችግር ጊዜ ያስቀምጣል። ሲመለስም ፈረሱ ላቡ እስኪደርቅ በእግር ያንሸራሽረዋል። ሰውን በፈረሱ ስም አባ ዳኘው፣ አባ መቻል፣ አባ ነፍሶ እያለ ለሚጠራ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአያቶቻችን ባልደራሶች ዘንድ ሁሉም ነበር። ለከተማ ልጆቻችን ግን አዲስ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያታችን ደርሰናል። ክላተርባክ ጋጣ ውስጥ ኮኬት የምትባል ባዝራ ነበረች። ቁመቷ ትንሽ፣ ጠጉሯ እንደ ወርቅ ቢጫ፣ ጋማዋና ጭራዋ ንጹሕ ነጭ። ቤሪል በመጽሐፏ እንደጻፈችው ኮኬት ሐበሻ ነበረች። በዚያን ዘመን የሀገራችን ሰዎች ጥሩ ባዝራ ከሀገር እንድትወጣ ስለማይፈቅዱ ኮኬት የወጣችው በስውር ነው፤ በዛሬ ቋንቋ በኮንትሮባንድ። በዚህ ላይ አዘጋጆቹ ተከራክረናል። ገሚሳችን ንብረታችን ተሰርቋል አልን። ሌሎቻችን ግን በልባችን ደስ ብሎን ነበር። ያለ ወረቀት ድንበር አቋርጦ ሞያሌ የገባ ሰው ደግሞ በመካከላችን ጥቂት አይደለም፤ ለዚህች ባዝራ የዘመድ ያህል ቢያዝንላት አይፈረድበትም።

ኮኬት ረፈሪ ከሚባል ድንጉላ አረገዘች። አባትየው ባዝራዋን የመጠበቁን ኃላፊነት ለልጃቸው ሰጡ። ይህ እንደ ቀላል መታየት የለበትም፤ የባዝራ እርግዝና 11 ወር ያህል ይፈጃል፣ የምትወልደውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ሰው ዞር ሲልላት ነው። ልጅቱ ፋኖስ አብርታ ከሠራተኞቹ ጋር በገለባው ላይ ስትጠብቅ አደረች። ምጡ ሲመጣ አዋላጇ እርሷ ሆነች። የተወለደው ወንድ ውርንጭላ ነበር። አባቷም ውርንጭላውን ለድካሟ ዋጋ ለራሷ ሰጧት። ስሙን በግሪኮች ተረት ክንፍ ባለው ፈረስ ፔጋሰስ አለችው።

ውርንጭላን ማሠልጠን ትልቅ ፈረስ ከመጋለብ የከበደ ነው። መጀመሪያ የሰው እጅ ያለምዱታል፣ ከዚያ የራስ ማሰሪያ ገመድ። እግሩን አንሥቶ መስጠት ይማራል። ኮርቻና ሰው የሚጫነው አጥንቱ ሲጠና ነው፤ ጊዜው ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ቤሪል ሁሉን ፈረስ በዚህ መንገድ አልገራችም። ከእንግሊዝ የመጣ ካምሲስካን የሚባል ትዕቢተኛ ድንጉላ በጉልበት ላሸንፍህ ብትለው ጎድቷታል። ያንን የጻፈችበት ምዕራፍ ከፔጋሰስ ልደት ጋር ከመጽሐፏ ሁሉ የምንወደው ነው። መጽሐፉን የጻፈላት ሦስተኛ ባሏ ነው የሚሉ ተነሥተዋል። እኛ ክርክሩን ልንፈርድ አንችልም፤ ነገር ግን እነዚያን ገጾች ጋጣ ውስጥ ያላደረ ሰው ይጽፋቸዋል ብለን አናምንም።

በ1919 ገና 17 ዓመት ሳይሞላት ጎረቤት ገበሬ አገባች፤ ትዳሩ አልሰመረም። ወዲያው ደግሞ ድርቅ መጣ። አባቷ ዱቄት በተቆረጠ ዋጋ ለማቅረብ ውል ገብተው ስለነበር እህሉ ሲወደድ ከሰሩ፤ እርሻውን አጥተው ፔሩ ወደምትባል ሩቅ ሀገር ሥራ ፍለጋ ሄዱ። ቤሪል ቀረች። የነበራት ንብረት ፔጋሰስና በኮርቻው ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ከረጢቶች ነበሩ። በእርሱ ተቀምጣ ሽቅብ ወደ ሞሎ ወጣች፤ በ18 ዓመቷ ገደማም የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኝነት ፈቃድ አገኘች። በኬንያ ይህን ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያ የሐበሻ ባዝራ ልጅ ባይኖር በእግሯ ትሄድ ነበር።

የልጅነት ጓደኛዋ ኪቢ በዚህ ጊዜ ጎልምሶ አራፕ ሩታ ተብሏል። ፈልጎ አገኛት፣ አብሯትም ሠራ። ታዲያ በልጅነታቸው እኩያሞች የነበሩት ሁለቱ አሁን አንደኛዋ እመቤት፣ አንደኛው አገልጋይ ሆነው ነበር። ቤሪል ራሷ ይህን ለውጥ በመጽሐፏ ታነሣዋለች። ፈረሶቹ በእርሷ ስም አሸንፈዋል፤ ያጠባቸው፣ ያበላቸው፣ ሌሊት የጠበቃቸው ግን እርሱና መሰሎቹ ናቸው።

በ1926 የኬንያ ሴንት ሌጀር ለሚባለው ትልቅ ውድድር ስታዘጋጀው የነበረውን ፈረስ ባለቤቱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነጥቆ ለሌላ አሠልጣኝ ሰጠባት። በእጇ የቀረችው ዋይዝ ቻይልድ የምትባል፣ የፊት እግሮቿ ጅማት የተጎዳ ባዝራ ነበረች። ያች የመዳፍ ትምህርት እዚህ ላይ ጠቀመች። በየጧቱ ጅማቱን እየዳሰሰች፣ በጠንካራ መሬት ፈንታ በስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ዳር በለስላሳው ርጥብ መሬት ላይ ቀስ እያለች አሠለጠነቻት። ዋይዝ ቻይልድ ውድድሩን አሸነፈች፤ ያ የተነጠቀውም ፈረስ ከኋላዋ ቀረ።

ስለ አውሮፕላኗ ብዙ ስለተጻፈ እኛ አናረዝመውም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አብራሪ ሆነች፤ በመስከረም 1936 ከእንግሊዝ ተነሥታ አትላንቲክን ብቻዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሻገረች፤ ከ21 ሰዓት በላይ በርራ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ረግረግ ላይ ወደቀች፣ ተረፈችም። በ1942 በአሜሪካ መጽሐፏ ታተመ፤ ጦርነት ስለነበረ ብዙም ሳይነበብ ተረሳ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኬንያ ተመለሰች፤ ወደ ጋጣውም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ፈረሶቿ የኬንያን ደርቢ ደጋግመው ወሰዱ። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደች፣ አልሆነላትም፣ ተመለሰች። ገንዘብ መያዝ አታውቅበትም ነበር፤ በእርጅናዋ ድኻ ሆና የጆኪ ክለብ በሜዳው ግቢ ያቺን ቤት ሰጣት። በ1983 መጽሐፏ እንደገና ሲታተም ዓለም ዳግመኛ አወቃት፤ ገንዘብም ትንሽ አገኘች። ያን ጊዜ 80 ዓመት አልፏታል። ቤቷ በዚያው በእሽቅድምድም ሜዳው ግቢ ስለነበረ ፈረሶቹ እስከ መጨረሻው ጎረቤቶቿ ነበሩ።