የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ያልተወሰደባቸው ሰላም

ሐዘን በተቀመጥን ቁጥር ከድንኳኑ ሥር የሚነሳ ጥያቄ አለ። በክርስቶስ ያመነ ሰው ሰላምና ደስታ ያገኛል ሲባል እንሰማለን። ታዲያ ልጁን የቀበረ፣ የትዳር ጓደኛውን ያጣ ሰው፣ ያ ሰላም ወዴት ሄደበት? እኛም ባለቤታችንን ከቀበርን ወዲህ ሴቻ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብለን፣ አባያን ቁልቁል እያየን፣ ይህንኑ ስንጠይቅ ብዙ ምሽት አሳልፈናል። መልሱን በስብከት ሳይሆን በአንድ ሰው ኑሮ ውስጥ ያገኘነው ስለመሰለን፣ ዘንድሮ ለመጽሔታችን ይህን ጻፍን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያደረግነው መዝገቡ በዚያ ስለተያዘ ነው።

ሰውየው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ሲሆን በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ቆየት ብሎ ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው ሸጧቸው። ካንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምፅዋ ደረሱ። በኛ በጋሞ አገርም ሰው እንደ ከብት የተሸጠበት ዘመን እንደነበረ ከአያቶቻችን ሰምተናልና ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም።

በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸውና በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጣቸው። እዚያ ፊደል ቆጠሩ፣ በ1872 በፈረንጆቹ የትንሣኤ ቀን ተጠመቁ። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የባሪያው ስም ነው። ባርነቱን የሚያስረሳ ሌላ ስም መያዝ ይቻል ነበር እኮ!

ከዚያ ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩ። ሲመለሱ ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ አገራቸው ገብተው ወገናቸውን ማስተማር። በሱዳን በኩል ሞከሩ፣ በንዳድ በሽታ ሰው ሞቶባቸው ተመለሱ። በሌላ በኩል ዞረው በ1886 እንጦጦ ድረስ ዘለቁ፤ ከዚያም ማለፍ ተከልክለው እንደገና ወደ እምኩሉ። ያን ሁሉ መንገድ ደክሞ ባዶ እጅ መመለስ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

እኛን የያዘን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መንገዱ ሲዘጋ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። ችግሩ ግን ከአገራቸው በልጅነት ስለወጡ የእናታቸው ቋንቋ ብዙው ቃል ጠፍቶባቸዋል። ፈንጋይ የሚወስደው ሰውን ብቻ አይደለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ወጣት ተገኘች። ኦሮምኛዋ ሙሉ ነበር፤ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን እያስታወሰች ወደ አምስት መቶ ያህል ጽፋ ሰበሰበች። በእሷ እርዳታ ትርጉሙ ቀና። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊስ አገር፣ ቅዱስ ክሪሾና ላይ፣ በግዕዝ ፊደል።

በጽሕፈት ሥራ ጡረታ የወጣን ሰዎች ስለሆንን፣ አንዲት ገጽ ሳትሳሳት እስክትወጣ ስንት ጊዜ እንደምትጻፍ እናውቃለን። ያን የሚያህል መጽሐፍ ቃል በቃል፣ ቀን በቀን! እንደኛ ግምት ሰላማቸው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መከራው አልቆ አይደለም። አገራቸውን ገና አልረገጡም፣ የተነጠቀው ልጅነት አልተመለሰም። ጧት ተነስተው ብዕር ሲያነሡ ግን የሚያምኑትና የሚሠሩት አንድ ነበር። እኛ ሐዘኑ እስኪያልፍ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን መጠበቃችን ስሕተት እንደነበረ የገባን ይህን ስናስብ ነው።

ነጻ በወጡ በሠላሳ አራተኛ ዓመታቸው፣ በ1904፣ ወለጋ ገቡ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደህና ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ብዙ ሳይቆይ ካህናት በሃይማኖት ነገር ከሰሷቸውና በ1906 አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረቡ፤ ተፈረደባቸው። ይህን የምንጽፈው ወገን ለይተን ለመውቀስ አይደለም፤ እድራችን የሁሉም ነውና በየቀብሩ ቄሱም ፓስተሩም ይቆማሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፣ መስበክ ግን ተከለከሉ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ልጆች አስተማሩ። አሥር ዓመት ያህል፣ እንደገና እንባረራለን በሚል ስጋት ውስጥ ሆነው፣ ፊደል አስቆጠሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። በዚያው ዓመት ኢያሱ ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ እሳቸውም ማስተማሩንም መጽሐፍ ማደሉንም አልተዉም።

ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ እሑድ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሊሰብኩ ከቤት ወጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገድ ላይ ሕይወታቸው አለፈ።