የአያት በረንዳ ያስተማረው ደራሲ

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያለን ወጣቶች የትውልድ ሐረጋችንን እንድንቆጥር ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ከአያታችን አባት አናልፍም። አባቶቻችን ግን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። እኛ የማንቆጥረው የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ አዋቂዎቹ በቤታችን ሳሉ ቁጭ ብለን ስለማንጠይቃቸው ነው። ከመካከላችን አንዱ አያቱን ለመጠየቅ የክረምቱን ዕረፍት ሲጠብቅ፣ ዕረፍቱ ሳይደርስ አያቱ አረፉ። ይህ ቢቆጨን የአሌክስ ሄሊን ሕይወት በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደድን።

አሌክስ ሄሊ በ1921 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ በዚያ ተማሪ ስለ ነበረ፣ ሕፃኑ በቴኔሲ ግዛት ወደምትገኘው ትንሽ ከተማ ወደ ሄኒንግ፣ ወደ እናቱ ወላጆች ቤት ተወሰደ። ወንድ አያቱ ዊል ፓልመር እንጨት ነጋዴ ነበሩ። እርሳቸው በ1926 ሲሞቱ ሴት አያቱ ወይዘሮ ሲንትያ ሐዘኑ ስለ ጸናባቸው እኅቶቻቸውን እየጠሩ በበጋ ወራት አብረዋቸው እንዲሰነብቱ ያደርጉ ጀመር።

እንግዲህ ትምህርቱ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ አሮጊቶቹ በረንዳው ላይ ወጥተው በተወዛዋዥ ወንበር ይቀመጡና ስለ ቀድሞ ዘመዶቻቸው ይጨዋወታሉ። የአሌክስ እናት የባርነቱ ዘመን ወሬ ደስ አይላትም ነበር፤ ልጁ ግን አጠገባቸው ተቀምጦ ያዳምጣል። ከሚነሡት ሰዎች ሁሉ የሩቁ፣ ስሙ ኪንቴ ነው የሚባለው አፍሪካዊ ነበር። ለከበሮ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ወጥቶ ተያዘ፤ በመርከብ ተጭኖ በአሜሪካ ተሸጠ፤ አራት ጊዜ ቢሸሽ በአራተኛው እግሩን ቆረጡት። ለልጁ ለኪዚ ግን ጊታሩን ኮ፣ ወንዙን ካምቢ ቦሎንጎ እያለ የአገሩን ቃል አስተማራት። ኪዚ ዶሮ በማዋጋት የታወቀውን ጆርጅን ወለደች፤ ጆርጅ አንጥረኛውን ቶምን ወለደ፤ ቶም ደግሞ ወይዘሮ ሲንትያን።

አሌክስ በ1939 በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተቀጠረ፤ ሥራውም በመርከብ ወጥ ቤት ማስተናገድ ነበር። በትርፍ ጊዜው ለጓደኞቹ የፍቅር ደብዳቤ እየጻፈ ብዕሩን አሠለጠነ። ከ20 ዓመት አገልግሎት በኋላ በ1959 ጡረታ ወጥቶ ጸሐፊ ለመሆን ቢነሣ ችግር ገጠመው፤ አንድ ጊዜ በእጁ የቀረው 18 ሳንቲምና ሁለት ቆርቆሮ ሰርዲን ብቻ ነበር። በ1965 ግን ከማልኮም ኤክስ ጋር ያዘጋጀው የሕይወት ታሪክ ታትሞ ስሙ ተሰማ።

በዚሁ ዘመን በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብቶ የ1870ን የሕዝብ ቆጠራ ሲመረምር የአንጥረኛውን የቶምን ቤተሰብ ተጽፎ አገኘ። ከልጅነቱ ሲሰማው የኖረው ወሬ በመዝገብ ላይ ሲታይ እጅግ ተደነቀ። ከበረንዳው ሴቶች በሕይወት የቀሩት ጆርጂያ የተባሉ አንዲት አሮጊት ዘመዱ ብቻ ነበሩ። ወደ እርሳቸው ሄዶ ታሪኩን ደግሞ አሰማቸው፤ እርሳቸውም ፍለጋውን እንዲገፋበት አበረታቱት። ቋንቋ ዐዋቂዎች ደግሞ ካምቢ ቦሎንጎ የጋምቢያ ወንዝ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩት። በ1967 ጁፉሬ ወደምትባለው የጋምቢያ መንደር ሄዶ ሽማግሌ ትውልድ ሲቆጥሩ ሰማ። እርሱ እንደ ጻፈው፣ ጆርጂያ ያረፉት እርሱ ወደ መንደሩ በገባበት ሰዓት ነው።

«ሩትስ» ወይም «ሥሮች» የተባለው መጽሐፉ በ1976 ወጣ። በ1977 ጥር በቴሌቪዥን ለስምንት ሌሊት በተከታታይ ሲታይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው፤ በዚያው ዓመት ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን አያቶቻቸውን መጠየቅና መዝገብ ማገላበጥ ጀመሩ።

ነገር ግን ሙገሳ ብቻ ብናቀርብ አንባቢን እናታልላለን። ሃሮልድ ኩርላንደር የተባለ ደራሲ ከመጽሐፌ ተወስዷል ብሎ ከሰሰው፤ ሄሊም በ1978 አንዳንድ ክፍሎች ከዚያ መጽሐፍ መግባታቸውን አምኖ በገንዘብ ተስማማ። የትውልድ ተመራማሪዎችም የቨርጂኒያን መዛግብት ሲያዩ፣ ኪንቴ ነው የተባለው ባሪያ በ1767 መርከቧ ከመድረሷ በፊት በዚያው ይኖር እንደ ነበር አገኙ። ስለዚህ የጥንቱ ክፍል በማስረጃ አልጸናም። ከዚህ የምንማረው፣ የሰማነውን እንደ ሰማን፣ ያገኘነውን እንዳገኘን፣ የገመትነውንም እንደ ገመትን ለይተን መጻፍ እንዳለብን ነው። የአያት ፍቅር ከጥንቃቄ ነፃ አያደርግም።

ሌላም ትምህርት አለ። የሄሊ ቤተሰብ ባርነትን እንደ ነውር አልደበቀም። በአገራችንም ባርነት በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም.፣ በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ ነበር። የጌታውን ስም ብቻ ቆጥረን ያገለገለውን ብንዘል የቆጠርነው ግማሹን ነው።

አሌክስ ሄሊ በ1992 የካቲት በሲያትል ከተማ ሞተ። የተቀበረው ግን በሄኒንግ፣ በአያቶቹ ቤት ፊት ለፊት፣ ወሬውን ይሰማበት ከነበረው በረንዳ አጠገብ ነው። ቤቱም ሙዚየም ሆኗል።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ አባት ሳለህ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለች ሩጥ ይባላል። እኛም በሚመጣው እሑድ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ አያቶቻችን ለመሄድ ተስማምተናል። እናንተም ክረምቱን አትጠብቁ።