ለሕግ ታስቦ የነበረው ፕሮግራመር

ከሕግ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሰሞን፣ አንድ ፋይል ለማየት መዝገብ ቤት መስኮት ፊት ግማሽ ቀን ቆሜ የምውልበት ጊዜ ነበር። ጥያቄዬን ትቼ ሌላ ጉዳዬን ብፈጽም፣ መዝገቡ ሲገኝ ቢጠሩኝ ምን ነበረበት? ይህንኑ ጥያቄ በኮምፒዩተር ላይ ከፈቱት ሰዎች አንዱ ሕግ ለመማር ያስብ የነበረ ሆላንዳዊ መሆኑን ሳውቅ ፈገግ አልኩ።

ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1930 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮተርዳም ተወለደ። ሕግ ተምሮ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ሊወክል አስቦ ነበር፤ የትምህርት ውጤቱ ወደ ፊዚክስ ወሰደው። በ1952 አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። በ1957 ሲያገባ ሙያውን ፕሮግራመር ብሎ ቢያስመዘግብ፣ የከተማው ሹማምንት እንዲህ የሚባል ሙያ የለም ብለው መለሱት። (ስለ መዝገብ ቤቶች ከዚህ በላይ አልናገርም!)

በዚያው ሰሞን ባልደረቦቹ ሎፕስትራና ስኾልተን ኤክስ1 ለተባለው ኮምፒዩተር አዲስ ሐሳብ አመጡ። ቀድሞ ማሽኑ ዝግተኛው ማንበቢያ ወይም መጻፊያ እስኪጨርስ ሥራ ፈቶ ይጠብቅ ነበር። አሁን ግን ስሌቱን ይቀጥላል፤ መሣሪያው ሲጨርስ ምልክት ይልካል፤ ማሽኑም የያዘውን ለአፍታ አቁሞ ያስተናግደውና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ዳይክስትራ ደነገጠ። ምልክቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ! ዛሬ የታየ ስሕተት ነገ ሲፈልጉት ላይገኝ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች፣ ምስክሩ ዳግመኛ ሊጠራ የማይችል ክርክር እንለዋለን። ለወራት አንገራገረ። እኔ ከዝናው ይልቅ ይህን ማመንታቱን አደንቃለሁ። በመጨረሻ ተቀበለና በየትኛውም ቅጽበት ቢቋረጥ የማይዛባ ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1959 ዶክትሬቱን ያገኘበት ሥራ ይኸው ነው። በስልሳዎቹ ደግሞ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች እንዳይጋጩ ሴማፎር የሚባለውን ዘዴ አበጀ።

ዛሬ በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ወጣት ፋይሉ እንዲነበብለት አዝዞ፣ ይዘቱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ከሥር ዲስኩ መጨረሱን የሚያሳውቀው በዚያው ዓይነት ምልክት ነው። ያልደረሰውን ይዘት እንደደረሰ ቆጥሮ የሚሳሳተውም ጥቂት አይደለም፤ የዳይክስትራ ስጋት ዛሬም አለ።

በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ። በ2002 ኑኔን በሚገኘው ቤቱ ሲያርፍ ከ1,300 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው ጽሑፎች ትቶ ነበር፤ አብዛኞቹንም የጻፋቸው በኮምፒዩተር ሳይሆን በእጁ፣ በብዕር ነው።