የሉዊ ብሬል ታሪክ

በፈረንሳይ አገር፥ ከፓሪስ ከተማ በስተ ምሥራቅ፥ ኩቭሬ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚያች መንደር ሲሞን ረኔ ብሬል የሚባል፥ ኮርቻና ልጓም እየሠራ የሚኖር ሰው ነበረ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ከአራቱ ልጆቹ የመጨረሻው፥ ሉዊ፥ ተወለደለት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሉዊ ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ወደሚሠራበት ክፍል ገባ። አባቱ ሲያደርግ ያየውን ለማድረግ ወስፌ አንሥቶ ቆዳ ሊወጋ ሲሞክር፥ ወስፌው አዳልጦ አንድ ዓይኑን ወጋው። ቍስሉም አመረቀዘ፤ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተላለፈ፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ።

በዚያ ዘመን የድኻ ልጅ ዓይኑ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ዕጣው ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር ተቀምጦ መለመን ነበር። የሉዊ ወላጆች ግን ይህን አልተቀበሉም። አባቱ በትር ቈርጦ ሰጠው፤ ሉዊም በበትሩ እየዳሰሰ ብቻውን በመንደሩ መሄድ ተማረ። የመንደሩ ቄስ አባ ፓሊዊ ያስተምሩት ጀመር፤ ኋላም ከሚያዩት ልጆች ጋራ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ገባ። የሰማውን አይረሳም ነበርና በትምህርቱ በረታ። ነገር ግን ጓደኞቹ መጽሐፋቸውን በገለጡ ጊዜ እርሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር።

በ1819 ዓ.ም.፥ በ10 ዓመቱ፥ ፓሪስ ወዳለው የዕውራን ትምህርት ቤት ተላከ። ይህን ትምህርት ቤት የመሠረተው ቫላንታን አዊ፥ የፈረንሳይን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጐልቶ እንዲወጣ አድርጎ አሳትሞ ነበር። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ዙሪያውን ይዳስሳል፤ ወደ ቃሉ መጨረሻ ሲደርስም መጀመሪያው ይጠፋበታል። መጽሐፉ ትልቅና ከባድ፥ ቍጥሩም ጥቂት ነበረ። ከሁሉ የከፋው ግን፥ ዕውር ሰው በዚህ ፊደል ራሱ ሊጽፍ አለመቻሉ ነው።

በኢትዮጵያ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ዓይነ ስውራን መምህራን ትምህርቱን በቃላቸው ይዘው ብዙ ደቀ መዛሙርት አውጥተዋል፤ ስለዚህ በጆሮ ብቻ መማር ትንሽ ነገር ነው አይባልም። ሉዊ ግን አንባቢ ሳይለምን ብቻውን ሊያነብ፥ የልቡንም አሳብ በገዛ እጁ ሊጽፍ ፈለገ።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ የመድፈኛ መኰንን ያወጣው አዲስ ጽሕፈት ወደ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ወረቀቱ በሹል ብረት ሲወጋ በስተ ጀርባው ነጥብ ጐልቶ ይወጣል፤ ጣትም ነጥቡን ይዳስሳል። ይህ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ የሚደርስ ስለሆነ የጣት ጫፍ በአንድ ጊዜ ሊሸፍነው አይችልም። ደግሞም ድምፅን ብቻ እንጂ የቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳይም ነበር።

የ12 ዓመቱ ብላቴና ነገሩን መረመረ። ጥፋቱ የዕውሩ ጣት አልነበረም፤ ለጣት የሚስማማ ፊደል አለመገኘቱ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ ልቡን አጸና። ቀን ትምህርቱን ይማራል፤ ሌሊት ጓደኞቹ ሲተኙ ወረቀት ይወጋል፤ ለዕረፍት ወደ ኩቭሬ ሲሄድም ሥራውን ይዞ ይሄዳል። በእጁ የያዘው ብረት ዓይኑን ያጠፋውን ወስፌ ይመስል ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲደክም ቈይቶ፥ በ1824 ዓ.ም. በ15 ዓመቱ 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው። ሦስት ነጥብ በግራ፥ ሦስት ነጥብ በቀኝ ሆነው፥ አንዱ ሲኖር ሌላው ሲቀር 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይወጣቸዋል። ይህም ለፊደሉ፥ ለቍጥሩና ለዜማው ምልክት ሁሉ በቃ።

በ1829 ዓ.ም. ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ ታተመ። ሉዊም በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይመታ ነበር። ይሁን እንጂ ከሚያዩት ሰዎች ብዙዎቹ፥ ዕውራን ከሌላው ሕዝብ የተለየ ፊደል ሊኖራቸው አይገባም ብለው ተቃወሙ። በ1840 ዓ.ም. የተሾመው አዲስ አለቃም ፊደሉን ከለከለ። ተማሪዎቹ ግን በስውር ይጽፉበት ነበር፤ አንድ ጊዜ ማንበብን ያወቀ ልጅ እንዴት ይተወዋል? በ1844 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ፊደሉ በሕዝብ ፊት ተገለጠ፤ ክልከላውም ቀረ።

ሉዊ ብሬል ሳንባውን ታሞ በ1852 ዓ.ም. ጥር 6 ቀን በ43 ዓመቱ ሞተ። የፈረንሳይ መንግሥት ፊደሉን የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱ ይህን አላየም። ዛሬ በብዙ አገር ይነበባል፤ አማርኛም በእነዚሁ 6 ነጥቦች ይጻፋል።

በሞተ በመቶኛው ዓመት፥ በ1952 ዓ.ም.፥ ፈረንሳዮች ዐፅሙን ከኩቭሬ አውጥተው ታላላቅ ሰዎቻቸው በተቀበሩበት፥ ፓሪስ ባለው በፓንቴዮን አኖሩት። የእጆቹ አጥንት ግን በትንሽ ሣጥን ሆኖ በተወለደባት መንደር ቀረ።