ግሬስ ሆፐር፦ ከእሳት እራቷ ታሪክ ባሻገር ያለው ሥራ

የኮምፒዩተር ታሪክ በተነሣ ቁጥር የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት የግሬስ ሆፐር ስም ከአንዲት የእሳት እራት ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የተባለው ማሽን ሲበላሽ ሠራተኞቹ በአንደኛው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ውስጥ የተቀረቀረች የእሳት እራት አገኙ፤ አውጥተውም በዕለቱ መዝገብ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። መዝገቡ ዛሬ በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ይገኛል። የእሳት እራቷን ያገኙት ሆፐር አልነበሩም፤ ታሪኩን ለዓለም ያዳረሱት ግን እሳቸው ናቸው። የማሽን ስሕተትን በነፍሳት ስም ባግ ብሎ መጥራትም ቢሆን ከኤዲሰን ዘመን ጀምሮ በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር።

ይህ አስደሳች ታሪክ የሆፐርን ከባዱን ሥራ ሸፍኖታል። ማሽኑ ከቆመ በኋላ ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ሶፍትዌሩ ለተጠቃሚ ከመሰጠቱ በፊት ምን ምን እንደሚፈተሽ፣ በምን መረጃ እንደሚፈተሽ፣ ምን ውጤት እንደሚጠበቅና ማን እንደሚፈርድ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ የሶፍትዌር መፈተሻ ዕቅድ በሚባለው በዚህ ሥራ ሆፐር ከስልሳ ዓመታቸው በኋላ ደክመውበታል።

ግሬስ ብሩስተር መሪ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱ፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሌላውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤቱ የነበሩት ሰባት ሰዓቶች ሁሉ ተበታተኑ። እናታቸው ከዚያ ወዲህ የፈቀዱላቸው በአንዲት ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ነበር። በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብና ፊዚክስ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በቫሳርም አስተማሩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ባሕር ኃይሉን ለመቀላቀል ጠየቁ። ዕድሜያቸው አልፎ ነበር፤ ክብደታቸውም ከተወሰነው ያንስ ነበር። በልዩ ፈቃድ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1944 ከሠልጣኞቹ አንደኛ ሆነው ተመረቁና በሃርቫርድ በሃዋርድ ኤይከን ሥር ወደሚሠራው ማርክ አንድ ተላኩ። ማሽኑ ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ግዙፍ መሣሪያ ነበር። በዚያው ዓመት ጆን ቮን ኖይማን ይዞት የመጣው ስሌት በዚህ ማሽን ተሠራ፤ ስሌቱ ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የሚውል ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የተሳሳተ አኃዝ በዝምታ ማለፉ የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው። ስለዚህ የማርክ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከስሌቱ ጎን ማጣሪያ ስሌት ያስገቡ ነበር፤ ልዩነቱ ከተፈቀደው መጠን ካለፈ ማሽኑ ራሱ ይቆማል።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1949 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ወደሚሠራው ኩባንያ ገቡ። እዚያም ሰዎች አስቀድሞ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የፕሮግራም ክፍል ከማስታወሻ ደብተር በእጅ ሲገለብጡ አንዱን ምልክት በሌላ እየለወጡ፣ አድራሻዎቹንም ሲደምሩ እየተሳሳቱ እንደሚያበላሹት አስተዋሉ። መገልበጥና መደመር ማሽኑ የማይሰለቸው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተጠናቀቀው ኤ ዜሮ የተባለው ፕሮግራማቸው ይህን ድካም ለማሽኑ ሰጠ። ቀጥሎም ትእዛዝን በተራ ቃላት ለመጻፍ የሚያስችል ቋንቋ አቀረቡ፤ ያንኑ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጽፈው ባሳዩ ጊዜ አለቆቻቸው በአሜሪካ የተሠራ ማሽን እንዴት የባዕድ ቋንቋ ሊያውቅ ይችላል ብለው ደነገጡ። ለማሽኑ ግን ቃላቱ ሁሉ ምልክቶች ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ሥራ ብዙ የወረሰው ኮቦል የተባለው ቋንቋ በ1959 በተጀመረ ጥረት ተወለደ። የቋንቋው ተስፋ አንድ ነበር፤ ለአንዱ ኩባንያ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ኩባንያ ማሽንም ይሠራል የሚል። በዲሴምበር 1960 ያንኑ የኮቦል ፕሮግራም ጥቂት ነገር ብቻ ለውጦ በሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ በማስኬድ ይህ እንደሚቻል ታየ።

ይሁን እንጂ በአንድ ቀን ትርኢት የታየው ነገር በየመሥሪያ ቤቱ አልጸናም። ኮቦልን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠውን ኮምፓይለር እያንዳንዱ ኩባንያ ለብቻው ስለሚሠራ አንዱ ያልተጻፈ ይጨምራል፤ ሌላው የተጻፈውን ይተዋል፤ ሦስተኛው ያንኑ ሐረግ በሌላ ትርጉም ይወስዳል። ሁሉም ግን ሸቀጣቸውን ኮቦል ብለው ይሸጡ ነበር። ገዢው እውነቱን የሚያውቀው ማሽን በለወጠ ጊዜ፣ ፕሮግራሞቹን እንደገና ለማጻፍ ሲገደድ ነው።

ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ በጡረታ ያሰናበታቸውን ሆፐርን ይህን ችግር እንዲያስተካክሉ በኦገስት 1967 መልሶ ጠራቸው። ጥሪው ለስድስት ወር ነበር፤ በመካከል ከተደረገ አጭር ስንብት በቀር ግን ወደ ሃያ ዓመት ሊጠጋ ረዘመ። ክፍላቸው የኩባንያዎቹን መግለጫ አንብቦ በማመን ፈንታ ራሳቸው በኮቦል የተጻፉ የመፈተሻ ፕሮግራሞችን አዘጋጀ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከቋንቋው ደንብ አንዱን ክፍል ይይዛል። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ሥራ ለኮምፓይለሩ ይሰጠዋል፤ የተገኘው ከተጠበቀው ጋር ይመሳከራል፤ አልፏል ወይም ወድቋል ተብሎም ይመዘገባል።

የዚህ አሠራር ብልኃት ከመዘጋጀቱ ቅደም ተከተል ይጀምራል። የሚጠበቀው ውጤት ፈተናው ከመካሄዱ በፊት ካልተጻፈ ፈታኙ ያየውን ሁሉ ትክክል ነው ለማለት ይፈተናል፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ደግሞ በገዛ ሥራው ላይ ሲፈርድ ዓይኑ ይከለላል። ፈተና መጻፍ ደንቡን ራሱን እንደሚያጋልጥም መታወቅ አለበት፤ ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችል አንቀጽ ላይ የሚጠበቀውን ውጤት መወሰን የማይቻል ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ደንብ አውጪዎቹ ይመለሳል። እነዚያው ፈተናዎች በሁሉም ሻጭ ላይ፣ አዲስ እትም በወጣም ቁጥር ሊደገሙ ስለሚችሉ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ መበላሸቱ አይሸሸግም። ፈተና የስሕተትን መኖር እንጂ ፈጽሞ አለመኖርን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ገዢና ሻጭ የሚከራከሩበትን ነገር ከወሬ ወደ ታተመ ውጤት አወረደው።

በባሕር ኃይሉ የተጀመረው ፈተና የታላላቆቹን ኩባንያዎች ኮምፓይለሮች ቀስ በቀስ አቀራረበ። በ1980ዎቹም የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሥራውን ተረከበ። ኮቦል ዛሬም በብዙ ትላልቅ ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ይሠራል።

ሆፐር በቢሯቸው ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ነገሩ ሁልጊዜም እንዲህ ሲሠራ ኖሯል ለሚሉ ሰዎች የተዘጋጀ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕረግ፣ በቦስተን ወደብ በቆመችው ኮንስቲቲውሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ ተሰናበቱ። ከዚያም በኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪነት መሥራታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ።